ካነን አር10 ከነኪት ሌንሱ፦ አንድ ዓመት አንገቴ ላይ

መጀመሪያ እኔ ማን እንደሆንኩ ልናገር፣ ምክንያቱም ካሜራ እንደያዡ ነው። ሰርግ አላነሳም፣ ስቱዲዮ የለኝም፣ ዩቲዩብ ቻናልም የለኝም። ቢሮ የምውል ሰው ነኝ። የማነሳው የወንድሜን ልጆች፣ የእናቴን ቡና፣ ጥምቀትን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሰፈር ውስጥ ኳስ የሚራገጡ ልጆችን ነው። አንዳንዴ ደግሞ "ለፓስፖርት የሚሆን ታነሳኛለህ?" ብለው የሚመጡ ጎረቤቶች አሉ። አይሆንም፣ ስቱዲዮ ሂዱ እላለሁ። አይሰሙም።

ከዚህ በፊት የነበረኝ ካነን 750ዲ ነው። በ2015 የወጣ፣ መስታወት ያለው፣ ሲያነሱበት "ቻክ" የሚል። ዛሬም ይሠራል፣ ለአጎቴ ልጅ ሰጥቼዋለሁ። አር10ን ደግሞ እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ቦዲው (ሌንስ የሌለበት ካሜራው) ከ18-45 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር በአንድ ካርቶን፤ ኪት የሚባለው ይሄ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ሰፊ ያሳያል፣ ሲያድግ ከሩቅ ያመጣል።

ካነን ይህን ካሜራ ያስተዋወቀው በፈረንጆቹ ግንቦት 2022 ነው። ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የወጣለት ዋጋ ለቦዲው ብቻ 979 ዶላር፣ ከ18-45 ጋር 1,099፣ ከ18-150 ጋር 1,379 ነበር። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያዙልኝ፣ ቆይቼ እመለስባቸዋለሁ። የብሩን ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ ብጽፈው በሚቀጥለው ሳምንት ውሸታም እባላለሁ፤ ቀረጡና የሱቁ ትርፍ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው።

አያያዙ ደስ ይላል። ቦዲው ከነባትሪውና ከነሚሞሪው 429 ግራም፣ ትንሿ ሌንስ 130 ግራም፣ አንድ ላይ ግማሽ ኪሎ ቡና ከምናምኑ ጋር ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ይዋላል። መያዣው ጥልቅ ነው፣ ትልቅ እጅ ያለው ሰው ትንሿ ጣት ብቻ ታች ትንጠለጠልበታለች። ስክሪኑ ወደ ጎን ተከፍቶ ይዞራል፣ መሬት ላይ ሳልተኛ ሕፃን ልጅን በቁመቱ ልክ አነሳለሁ። ከላይ ሁለት የሚሽከረከሩ ዳያሎች አሉት፣ ከኋላ ለአውራ ጣት ጆይስቲክ። ታናሽ ወንድሙ አር50 ጆይስቲኩም ሁለተኛው ዳያልም የለውም፤ ሰው "ሴንሰሩ ያው 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ምን ልዩነት አለው?" ሲለኝ ልዩነቱ እጅ ላይ ነው እላለሁ። ከሜኑ ጋር መታገል የሚያበሳጨው ሰው ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ቢጨምር አይቆጨውም።

አሁን ወደሚገርመኝ ነገር። ፎከሱ።

የወንድሜ ትንሹ ልጅ አራት ዓመቱ ነው፤ ቆሞ አያውቅም። በ750ዲ ሳነሳው ከ20 ፎቶ ሦስቱ ቢሳኩ እልል ነበር። በቪው ፋይንደር (ዓይን በሚጠጋበት መስኮት) በኩል 19 የፎከስ መያዣ ነጥብ ነበር ያለው፤ ልጁ ከነጥቡ ከወጣ ፎከሱ ከኋላው ያለው ሶፋ ላይ ይቀመጣል። የሶፋችን ጥርት ያለ ፎቶ በብዛት አለኝ። አር10 ዓይን ፈልጎ ይይዛል፣ ከያዘም ሙጭጭ ነው። ልጁ ሲዞር ጭንቅላቱን ይከተላል፣ ሲመለስ ዓይኑን ያገኛል። እናቴ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ፣ የጀበናው እንፋሎት ፊቷ ላይ እየወጣ፣ አሁንም ያገኛታል። ውሻ፣ ድመትና ወፍም ለይቶ ያውቃል፣ መኪናና ሞተር ሳይክልም። በሰከንድ 15 ፎቶ በሜካኒካል ሹተር (በሚንቀሳቀሰው መዝጊያ) ይተኩሳል። ራው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ካደረጋችሁት ግን ሁለት ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ይደክመዋል፣ ሚሞሪው ላይ እስኪጽፍ ትጠብቃላችሁ። በጄፔግ (በተለመደው የፎቶ ፋይል) ግን አይጨነቅም። እኔ ኳስ ሳነሳ ጄፔግ ነው፤ ለሰፈር ኳስ ራው ምን ያደርግልኛል።

አር10 መስታወት አልባ (ሚረርለስ) መሆኑ ለእኛ አገር ፎቶ ምን ይጠቅማል ካላችሁኝ ነጭ ልብስ እላችኋለሁ። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ መጎተት ይወዳል። ፍሬሙን ነጭ ነጠላ ሲሞላው "ኧረ ይሄ በዝቷል" ይልና ያጨልመዋል። ነጠላው እንደ አመድ፣ የሰውዬው ፊት ደግሞ እንደ ከሰል ይሆናል። የጠይም ሰው ፊት በነጭ ልብስ መሃል ማንሳት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። በድሮው ካሜራ አነሳለሁ፣ ስክሪኑን አያለሁ፣ "ወይኔ" እላለሁ፣ እንደገና አነሳለሁ። እስከዚያ ሰውዬው ፊቱን አዙሯል። በአር10 ፎቶው ምን እንደሚመስል ሹተሩን ሳልነካ በፊት ቪው ፋይንደሩ ውስጥ ይታየኛል። በአውራ ጣቴ ዳያሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አድርጌ ወደ ፕላስ ስወስደው ፊቱ ሲበራ እያየሁ አቆማለሁ። የማቆመው የት ነው? የጥለቱ አጠገብ ያለው ነጭ የሽመናው መስመር ሊጠፋ ሲል። እዚያ ላይ ካለፋችሁ ነጠላው ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ፎቶሾፕም አይመልሰው።

ይሄ ሁሉ ስለ ቦዲው ነው። ኪት የሚባለው ነገር ግን ግማሹ ሌንስ ነው፤ የማኮርፈውም እዚህ ላይ ነው።

18-45 ትንሽ ናት፣ ቀላል ናት፣ ቀን ደጅ ላይ ጥርት ያለ ፎቶ ትሰጣለች። ስትጠቀሙባት መጀመሪያ አዙራችሁ ማውጣት አለባችሁ፣ አለበለዚያ ካሜራው እንቢ ይላል። ይሄ ይለመዳል። የማይለመደው የብርሃን መግቢያዋ ነው። በሰፊው ጫፍ ኤፍ 4.5፣ ስታጠጓት ኤፍ 6.3። ኤፍ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው እንደሚጠብ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ለማታውቁ ደግሞ መስኮት በግማሽ ተዘግቶ መጋረጃ እንደተጋረደበት ቤት አስቡት።

እናቴ ቡና የምታፈላው ሳሎን ጥግ ላይ ነው፣ ከላይ አንድ አምፖል፣ ከታች የከሰሉ ፍም። በሌንሱ ጥግ 45 ላይ አድርጌ ፊቷን ሳነሳ አይኤስኦው (ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ፎቶውን የሚያበራበት ቁጥር) 12,800 ገባ። ፎቶው አለ፣ ዓይኗ ላይ ፎከስ ነው፣ ግን ቆዳዋ ላይ የተረጨ ነገር አለ፣ እንደ በርበሬ። ስልክ ላይ አይታይም። A4 ወረቀት ላይ አሳትሜ ሳሎን ልሰቅለው ስል ግን ታየ። እናቴ "ልጄ፣ ፊቴ ምን ሆኖ ነው የተንጨፈረረው?" አለችኝ። ስለ ዲጂታል ኖይዝ ለእናታችሁ አስረዱ።

"ሌንሷ ማረጋጊያ አላት አይደል?" ትሉኝ ይሆናል። አላት፣ ጥሩም ነው። ግን ማረጋጊያ የሚያረጋጋው የእኔን እጅ ነው። የእናቴ እጅ ስኒ ላይ ቡና ሲቀዳ ያንን አያረጋጋም። ጀበናው ጥርት ብሎ እጇ ጭስ ይሆናል። አር10 ቦዲው ውስጥ ደግሞ ማረጋጊያ የለውም፤ ያንን የፈለገ ታላቅ ወንድሙ አር7 ላይ ይወጣል፣ ዋጋውም አብሮ ይወጣል።

መፍትሔው 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ናት። አርኤፍ (የካነን አዲሱ የሌንስ ዓይነት) 50 ኤፍ 1.8፣ በ2020 ስትወጣ 199 ዶላር፣ ክብደቷ 160 ግራም። ከኤፍ 6.3 ጋር ስትነጻጸር የምታስገባው ብርሃን 12 እጥፍ ገደማ ነው። ያው ቡና፣ ያው አምፖል፣ አይኤስኦው ከ12,800 ወደ 1,000 አካባቢ ወረደ። ከኋላ ያለው የተዝረከረከ መደርደሪያም ብለር ሆኖ ጠፋ፣ ለዚህ ብቻ እንኳ እናቴ መርቃኛለች። ጉድለቷን ደግሞ እወቁ። ይቺ ሌንስ ማረጋጊያ የላትም፣ ቦዲውም እንደሌለው ነግሬያችኋለሁ፣ ስለዚህ የሹተሩን ፍጥነት ከ1/100 ሰከንድ በታች እንዳታወርዱት። በዚህ ካሜራ ላይ ደግሞ እንደ 80 ሚሊሜትር ስለምትጠብ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሁለት ሰው ለማስገባት ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል። የቡድን ፎቶ ሲሆን ትንሿን 18-45 መልሼ አስገባለሁ፤ በሰፊው ጫፏ የሚበልጣት የለኝም።

አሁን ወደ ሦስቱ ቁጥሮች። ከ18-45 ጋር 1,099፣ 50ዋ 199፣ ድምር 1,298። ከ18-150 ጋር ሲወጣ ይሸጥ የነበረው 1,379። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ "ትልቁን ኪት ውሰድ፣ ሁሉንም ይሠራልሃል" ሲሏችሁ ረጋ በሉ። ትልቁ ኪት ከሩቅ ያመጣል እንጂ ጨለማን አያበራም። ጥጉ ላይ እሱም ኤፍ 6.3 ነው። ቤት ውስጥ፣ ልደት፣ ቡና፣ ምሽት የምታነሱ ከሆነ ትንሿን ኪትና 50ዋን ግዙ፣ በወጡበት ዋጋ 81 ዶላርም ይተርፍ ነበር። የድሮ የካነን ሌንስ ያላችሁ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ ነክቶ የድሮ 50 ኤፍ 1.8 የሌለው ስንት ሰው አለ፣ የድሮውን ሌንስ የሚያገናኘውን የካነኑን አዳፕተር ብቻ ግዙ። ፎከሱ ከአዲሱ ቦዲ ጋር በደንብ ይሠራል። የእኔም የመጀመሪያ ሁለት ወር እንደዚያ ነው ያለፈው።

18-150 መጥፎ ሌንስ ነው እያልኩ አይደለም። ለጥምቀት ከጓደኛዬ ተውሼ ጃንሜዳ ወጣሁ። እዚያ ሕዝብ መሃል ሌንስ መቀየር የማይታሰብ ነው፣ አንዱ ክንድህን ይገፋል፣ ሌላው ውሃ ይረጫል፣ አቧራው ደግሞ አለ። የድሮዎቹን ካሜራዎች ሴንሰር መስታወቱ ይከልለው ነበር፤ በዚህኛው ሌንሱን ስትፈቱት ሴንሰሩ ፊት ለፊት ተገልጦ ይጠብቃችኋል። በአንድ ሌንስ ከሰፊው ሕዝብ እስከ አንድ ዲያቆን ፊት መድረስ ትልቅ ነገር ነው። የጃንጥላዎቹን ዘርፍ፣ የመቋሚያ ጫፍ፣ ከአጥር ላይ የተሰቀሉ ልጆችን በአንድ ቦታ ቆሜ አነሳሁ። ፀሐዩ ስለሞላ ኤፍ 6.3 ምንም አላለኝም፣ አይኤስኦው 200 ላይ ነው የዋለው።

ውሃው ግን። አር10 እርጥበትና አቧራ የሚከላከል እሽግ የለውም። ጠበሉ መረጨት ሲጀምር እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው ፌስታል አወጣሁ። ለሌንሱ አፍ የሚሆን ቀዳዳ ቀድጄ፣ በላስቲክ አስሬ፣ ቀጠልኩ። ሰው ሳቀብኝ። ካሜራው ግን ደርቆ ገባ። ክረምት ላይም ያው ፌስታል ነው።

ስለ መብራት የሚጠቅማችሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በተለይ ካሜራው ከአሜሪካ የመጣላችሁ። እህቴ ያመጣችልኝ ካሜራ ቪዲዮው ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው የቪዲዮ ሥርዓት) ላይ ነበር የተቀመጠው። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ የእነሱ 60። የልጁን ልደት በቪዲዮ ስቀዳ ግድግዳው ላይ ጥቁር መስመር ወደ ላይ እየተሳበ ይሄዳል። ካሜራው ተበላሽቶ መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ ፓል (ለ50 ኸርዝ አገር የሚሆነው) አድርጉት፣ ቪዲዮውን በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተሩን 1/50። መስመሩ ይጠፋል። ለፎቶም ቢሆን በኤልኢዲ ስር 1/50 ወይም 1/100 ላይ ብትቆዩ ይሻላችኋል። እግረ መንገዳችሁን ሰዓቱንም አስተካክሉ፤ የእኔ የሜሪላንድ ሰዓት ላይ ስለነበር የእናቴ የጠዋት ቡና ፎቶዎች ሁሉ እኩለ ሌሊት ላይ የተነሱ ተብለው ተመዝግበዋል።

ድምፅ የሌለው ሹተርም አለው፣ ለጸጥታ ቦታ ግሩም ነው። ሴንሰሩ ግን ፎቶውን ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ ፈጣን እንቅስቃሴን ያጣምማል። እስክስታ የሚመታ ሰው በዚህ ሹተር ብታነሱ ትከሻው ወደ አንድ ጎን የቀለጠ ይመስላል፣ የሚወርድ የከበሮ ምት ደግሞ እጁን ሙዝ ያደርገዋል። ቆሞ ለሚጸልይ ሰው የጸጥታውን፣ ለጭፈራ ሜካኒካሉን ተጠቀሙ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ድምፅ የለውም ብላችሁ ሳትጠይቁ እንዳታነሱ፣ ዲያቆኑ ዓይን አለው።

ቪዲዮውን በአጭሩ ልለፈው፣ ብዙ አልቀዳም። 4ኬ በ25 ፍሬም ሙሉ ስፋቱን ይዞ በጣም ጥርት ያለ ነው። በ50 ፍሬም ስታደርጉት ግን ፍሬሙን ይቆርጠውና ሁሉም ነገር ይጠጋል። የማይክ ቀዳዳ አለው፣ የሄድፎን የለውም።

ባትሪው ትንሽ ናት። ኤልፒ-ኢ17 የምትባለው፣ የእኔ 750ዲ የሚጠቀምባት ራሷ ናት፤ ይሄ በጣም ጠቀመኝ፣ ሁለት የድሮ ባትሪ ቤት ነበረኝ። በቪው ፋይንደር እያያችሁ ካነሳችሁ ፋብሪካው ራሱ የሚሰጣት ግምት ከ300 ፎቶ በታች ነው። በተግባር በተከታታይ ከተኮሳችሁ ከዚያ በላይ ትሄዳለች፣ ከፍታችሁ ከዘነጋችኋት ግን ምሳ ሰዓት ላይ ታልቃለች። ታይፕ ሲ ስላለው ከፓወር ባንክ ይሞላል፣ ግን ፓወር ባንኩ ፒዲ የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት፣ ተራው አይሞላውም። መብራት በጠፋ ምሽት ይሄ ወርቅ ነው።

ተጨማሪ ባትሪ ስፈልግ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ የካነን ስም አለ፣ ባትሪው ላይም አለ፣ ዋጋው ግን ደስ የሚል ነበር፣ እዚያ ጋ መንቃት ነበረብኝ። ካሜራው ውስጥ ሳስገባት ስክሪኑ ላይ ጥያቄ መጣ፤ "ከባትሪው ጋር መነጋገር አልቻልኩም፣ ባትሪው ላይ የካነን አርማ አለ ወይ?" የሚል ይዘት ያለው። አለ! በትልቁ አለ። "አዎ" ብዬ ልመልስ ወይስ "አይ"? ትንሽ አሰብኩና አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። ከሁለት ወር በኋላ ሳገኛት ሆዷ አብጦ ነበር። ሱቁ "ዕቃችን ኦርጅናል ነው" አለኝ። ሚሞሪ ካርድም ስትገዙ በዚሁ ዓይን እዩት፣ ገዝታችሁ ቤት እንደገባችሁ በኮምፒውተር እስኪሞላ ሙሉና ፋይሎቹ በትክክል መከፈታቸውን አረጋግጡ።

"ሶኒ አይሻልም ወይ?" የሚል ሁሌ አለ። ሶኒ ኤ6400 በ2019 የወጣ ነው፣ ፎከሱ ዛሬም አይታማም፣ የሌንስ ምርጫው ደግሞ ሰፊ ነው፤ ለካነን አርኤፍ ሲግማና ታምሮን በሰፊው መምጣት የጀመሩት ከ2024 ወዲህ ነው። ግን የኤ6400 መሙያ የድሮው ማይክሮ ዩኤስቢ ነው፣ መያዣውም ለእኔ እጅ አልተመቸኝም። የሶኒ ሌንስ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ሶኒ ግዙ። የእኔ ጓደኞች ሁሉ ካነን ነው ያላቸው። ይሄ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ መዋዋስ ከየትኛውም ስፔክ ይበልጣል።

ከስልክስ? ቀን፣ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው፣ ቴሌግራም ላይ ለሚለጠፍ ፎቶ ጥሩ ስልክ ካላችሁ ካሜራ አያስፈልጋችሁም፤ ይህን ስል ገንዘብ ያወጣሁበትን እየካድኩ እንደሆነ አውቃለሁ። የሚሮጥ ልጅ፣ ከሩቅ ያለ ፊት፣ ወረቀት ላይ የሚታተም ፎቶ ሲሆን ስልኩ ይቀራል። ደግሞ ካሜራ ገዝታችሁ ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ አትላኩት፣ ጨምቆ ይገድለዋል፣ በ"ፋይል" ላኩት። አክስቴ ለስድስት ወር "ካሜራህ ከእኔ ስልክ አይሻልም" ስትለኝ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ያገለገለ አር10 ገበያ ላይ መታየት ጀምሯል። ካገኛችሁ ሌንሱን ፈትታችሁ ሴንሰሩን በብርሃን እዩት፣ ነጭ ግድግዳ በኤፍ 16 አንሱና ጥቁር ነጠብጣብ ፈልጉ፣ ስክሪኑን ከፍታችሁ ዙሪያውን አዙሩት፣ ፍላሹ ብቅ ሲል መተኮሱን ሞክሩ። ሻጩ ከተቻኮለ እናንተ አትቸኩሉ።

እኔ አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ያሉት ቦዲው፣ 50ዋ፣ ትንሿ 18-45፣ ሦስት ባትሪ (ሦስቱም እውነተኛ) እና ሁለት ፌስታል ናቸው። እና ያ 18-150። ጓደኛዬ መልስልኝ ካለኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። ከፋሲካ በኋላ ብየዋለሁ።